ቀለም አልባ ሐረር፣ ሳምቡሳ የሚጠብስ ልጅ

ድሬ ላይ በዚህ ሙቀት ማታ የት ይወጣል? ሽርጥ ታጥቆ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ራስ አዙሮ ፊልም ማየት ነው። ሰሞኑን እኛ ቤት የተያዘው ውጭ አገር ተጨብጭቦላቸው እኛ ጋ በፍላሽ የደረሱትን የአገር ፊልሞች ማየት ነው።

«ፋያ ዳዪ»ን ላስቀድም። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሺር ዓመታት ፈጅታ፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ የቀረፀችው ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021። ጉዳዩ ጫት ነው። ግን ሙሉው ጥቁርና ነጭ! የጀጎልን ግድግዳ እኮ እኛ የምናውቀው በሮዙ፣ በአረንጓዴው፣ በሰማያዊው ነው። ጫትስ ቢሆን፣ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ልምላሜውን አይደል? አክስቴ «ቴሌቪዥኑ ነው የተበላሸው» ብላ ሪሞቱን ልትነጥቀኝ ምንም አልቀራት።

እንደኔ ፊልሙን ያዳነው ግን ጥቁርና ነጭነቱ ነው። አረንጓዴው ሲወጣለት ቅጠሉ አያጓጓም። የሚታየው እጅ ነው፤ የሚለቅም፣ የሚደረድር፣ የሚያስር እጅ። ጫት ከደረቀ ዋጋ የለውምና ከማሳ እስከ መኪና ሁሉም ሩጫ ነው፣ የጫት ገበያዋን አወዳይን ያየ ያውቀዋል፣ ፊልሙ ደግሞ ያንን ሩጫ አዝግሞ ሲያሳያችሁ ድካሙ እናንተም ትከሻ ላይ ይወጣል። ምርቃናን አላሞገሰችም፣ አልሰደበችምም። ጭሱና ሹክሹክታው ግን በዛብኝ። ሁለት ሰዓት ነው፤ ሃያ ደቂቃ ቢቆረጥለት ማንም አይጎዳም ነበር።

ለቤተሰብ «ላምብ» ይሻላል። ያሬድ ዘለቀ ነው የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ኤፍሬም ከበጓ ከቹኒ ጋር ዘመድ ቤት ይቀመጣል፣ አጎትየው ደግሞ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ወንድ ልጅ ማጀት ምን ያደርጋል ባይም ነው። ልጁ ግን ሳምቡሳ ጠብሶ ይሸጣል! እዚህ ጋ ቤቱ ጫጫታ ሆነ፤ ድሬ ውስጥ በሳምቡሳ ጉዳይ የማያገባው ሰው የለማ። አክስቴ ሊጡን አልወደደችውም። እኔ ያልወደድኩት ጋዜጣ አንባቢዋ ጽዮን አንዳንዴ የዳይሬክተሩን ሐሳብ የምታወራ መምሰሏን ነው። ልጁ ግን አንጀት ይበላል።

«ጤዛ»ን ከሰው ጋር አትጀምሩት። የኃይሌ ገሪማ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ወስዷል፣ ይገባዋልም። ግን ጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር ትዝታው ቁርጥራጭ ነው፤ ሻይ ልታፈሉ ከተነሳችሁ ስትመለሱ ጀርመን ይሁኑ አገር ቤት ግራ ይገባችኋል። የደርግን ዘመን ያየ ሰው ቤት ካለ ደግሞ አለቀ። ፊልሙ ይቆማል፣ የእሱ ታሪክ ይጀምራል። አጎቴን ማን ያስቁመው? ቀሪውን የጨረስኩት ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው።