የቀዘፋ ክበባችን ስብሰባ ከሐይቁ ዳር አይራቅ

ሐዋሳ ውስጥ ለመዝናናት ካያክ የምንቀዝፍ ሰዎች ያቋቋምነው ክበብ ስብሰባዎቹን በሙሉ በዙም እንዲያደርግ ሰሞኑን ሐሳብ ቀርቦለታል። ሐሳቡን ያመጡት አባላት ምክንያት የሚናቅ አይደለም፤ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ የሄዱት ስለ መዋጮ ለመነጋገር ብለው 275 ኪሎ ሜትር ሊጓዙ አይችሉም፣ ትንንሽ ልጆች ያሏቸውም ማታ ከቤት መውጣት ይከብዳቸዋል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት መሰባሰብ በተገደበበት ወቅት ክበቡ እንዳይበተን ያደረገውም የቴሌግራም ቡድናችን ነበር።

ስለዚህ የገንዘብ ሪፖርቱና የጀልባ ጥገናው ተራ በዙም ቢያልቅ ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስብሰባው ወደ ስልክ ከገባ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ከቀዘፋ በኋላ ሐይቁ ዳር የምንጠጣው ቡና እየሳሳ መጥቷል፤ ብዙዎቻችን ጀልባችንን አስረን «ማታ በዙም እንገናኛለን» ብለን እንበታተናለን።

ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ሐዋሳ ሐይቅ ከ20 ሜትር በላይ የሚጠልቅበት ቦታ አለው፤ ጠዋት ረግቶ የዋለ የሚመስለው ውኃ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ይናወጣል፣ በዳርቻው ቄጠማ ውስጥም ጉማሬ አለ። አምና እንዲህ ያለ ነፋስ ደርሶብን የአንዲት አዲስ አባል ካያክ ተገለበጠ። ይህች እኅት ከዚያ በፊት በዙም ስብሰባዎች ተገኝታለች፤ «ዋና የማይችል አለ?» ተብሎ ሲጠየቅም እንደ ሌሎቹ ዝም ብላ ነበር። በሃያ ሰው ፊት ያልተናገረችውን ግን ካያኳ ከመገልበጡ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቶናው ሲቀዳ አጠገቧ ለተቀመጠች ጓደኛዋ ነግራታለች። ያቺ ጓደኛዋ ጠዋቱን ሙሉ ከጎኗ ሳትርቅ ስለቀዘፈች ፈጥና ያዘቻት፤ የለበሰችው የሕይወት ማዳኛ ጃኬትም ከውኃው በላይ አቆያት። እኔ በዚያን ሰዓት ስለ እርሷ የማውቀው ስሟንና ድምፅዋን ብቻ ነበር።

በዙም ስብሰባችን ፈጽሞ የማይገኙ ሌላም ሰው አሉ። አሞራ ገደል አካባቢ ማታ የዘረጉትን መረብ ንጋት ላይ የሚያነሡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ፣ ጉማሬዎቹ ሰሞኑን በየት በኩል እንደሚወጡና ነፋሱ መቼ ሊነሣ እንደሚችል የሚነግሩን ቡናው ላይ ነው። ስልካቸው ለመደወል ብቻ የሚያገለግል ነው፤ እኛም ጥያቄያችን ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ፊት ለፊት ተቀምጠን ስናወጋ እንጂ አስቀድመን ጽፈነው አይደለም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ ሲሰጥ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ወርኃዊው ስብሰባ በዙም ይሁን፤ አጀንዳው ከሁለት ቀን በፊት በቴሌግራም ይለጠፍ፣ ከአንድ ሰዓትም አይለፍ። አዲስ አባል ግን ቢያንስ ሁለት ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ሳይመጣ አይመዝገብ። ቅር የተሰኙ አባላት ካሉም ነገሩ በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ ከሚካረር ሁለቱን የሚያውቅ ሰው ቡና ላይ ያገናኛቸው። በየሦስት ወሩ አንዱን ስብሰባ በቅዳሜ፣ ከቀዘፋ መልስ፣ ሐይቁ ዳር እናድርገው፤ አዲስ አበባ ካሉት አባላት ሁለቱ፣ ቀኑ አስቀድሞ ከተነገራቸው፣ እንደሚመጡ ነግረውኛል።