በቆሎው መሃል ያለውን ቦሎቄ ተዉት

ሰሞኑን እዚህ ሀዋሳ በተካሄደ አንድ የግብርና ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ተነሱና በቆሎና ቦሎቄ ቀላቅሎ መዝራት ኋላ ቀር ነው፣ ለዘንድሮ በልግ የበቆሎ ማሳ ሁሉ በኩታ ገጠም ይያዝ፣ ማለትም የጎረቤታሞች ማሳ ተያይዞ አንድ ሰብል ብቻ ይዘራበት፣ መሃሉ ላይ ሌላ ሰብል እንዳይታይ አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሻይ ተጠጣ፣ አበል ተፈረመ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

ከቀረቡት ምክንያቶች ያሳቀኝ የኮምባይነሩ ነው። ድብልቅ ሰብል ለኮምባይነር አይመችም ተባለ። የቱ ኮምባይነር? ቦሪቻ ላይ በቆሎ በኮምባይነር ሲሰበሰብ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ሲዳማ ውስጥ እኮ ስንቱ ገበሬ ነው ግማሽ ሄክታር በማትሞላ መሬት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው። በቆሎውን የሚሰበስበው በእጁ ነው፣ ቦሎቄውንም የሚነቅለው በእጁ። ለሌለ ማሽን ሲባል ያለ ምግብ ይቅር? አርሲና ባሌ ላይ ኩታ ገጠም ለስንዴ ሠርቷል፣ እሺ፣ እሱን አልክድም። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ማሽኑም አለ። የዚያን አገር አሠራር እንዳለ አምጥቶ የሲዳማ በቆሎ ላይ መለጠፍ ግን ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ፣ ምክንያቱም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ በተዋለበት አዳራሽ ስለ ዝናብ ያነሳ ሰው አልነበረም። እዚህ አካባቢ በቆሎ በብዛት የሚዘራው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ነው፣ በበልግ። የበልግ ጠባይ ደግሞ ይታወቃል። አንዴ ይዘገያል። አንዴ በሰዓቱ መጥቶ ገበሬውን አስዘርቶ፣ አሳርሞ፣ ማዳበሪያ አስገዝቶ፣ ልክ በቆሎው ሊያብብ ሲል ጥሎት ይሄዳል። በቆሎ አበባ ላይ ሳለ ሁለት ሳምንት ውሃ ካጣ ፍሬው አይሞላም። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢዘንብ የምታተርፈው አገዳ ነው። ቦሎቄ ግን በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። ከበቆሎው ጋር አብሮ የተዘራ ቦሎቄ በቆሎው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ይነቀላል፣ ያውም ጎተራው ባዶ በሚሆንበት በሰኔና በሐምሌ። በቆሎው ቢከሽፍ ቦሎቄው አለ። ቦሎቄው ዝናብ በዝቶበት ቢበሰብስ በቆሎው አለ። ሁለቱም ከደረሱ ንፍሮ ነው። ለገበሬው ኢንሹራንስ የሸጠለት የለም፣ ራሱ ነው ማሳው ላይ የዘራው፤ እኛ ደግሞ በስብሰባ እንሰርዝልህ እንለዋለን።

በ2000 ዓ.ም. በልጉ ሲቀር በደቡብ ምን እንደሆነ የረሳን መሰለኝ። አረንጓዴ ረሃብ ነበር ስሙ። ከመንገድ ስታየው አገሩ ለምለም፣ ቤት ስትገባ የከሱ ሕፃናት። ማሳ ከመኪና መስኮት ሲታይ ማማሩ ያኔ ማንን አበላ?

ቦሎቄው የበቆሎውን ማዳበሪያ ይሻማል የሚሉም ነበሩ። አጠጋግቶ ከዘራው፣ አዎ፣ ይሻማል፤ ስለዚህ ርቀት ጠብቆ ይዝራ፣ አለቀ። ግን ቦሎቄ ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ውስጥ ባክቴሪያ አስጠግቶ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝ ተክል ነው። በዚህ ከባቄላና ከአኩሪ አተር ሰነፍ መሆኑ እውነት ነው፣ ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ያ ባክቴሪያ ራሱ፣ ከዘሩ ጋር ሲታሽለት ግን ይሻሻላል። ጥቅሙም ይበልጥ የሚታየው ለቀጣዩ ሰብል ነው። ቢሆንም ዩሪያውን በሙሉ ከውጭ በምንገዛበት አገር፣ የዩክሬን ጦርነት ዋጋውን የት እንዳደረሰው ባየንበት አገር፣ ከአየር ላይ በነፃ የሚገኝ ናይትሮጅን ይናቃል? ቅጠሉም መሬቱን ይሸፍናል፣ እርጥበቱ ቶሎ አይተንም፣ አረሙም አይበረታም። «ሀዋሳ ዱሜ» የሚባለውን ቀይ ቦሎቄ ያወጣው እዚሁ ከተማ ያለው የምርምር ማዕከል ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ታክሲ ይዘው ሄደው መጠየቅ ይችሉ ነበር።

ሌላው ያናደደኝ ኖራ ነው። ለድርቅ መከላከያ ኖራ ለሁሉም ወረዳ ይከፋፈል ተባለ። ሰዎች! ኖራ የአሲዳማ አፈር መድኃኒት ነው። ሁላና አካባቢው ያለው ደጋ ላይ ይሠራል፣ እዚያ አሲዱ ፎስፈረሱን አስሮ ይዞታል፣ ኖራው ይፈታዋል። ለአንድ ሄክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል ሊፈልግም ይችላል። ወደ ታች ወደ ስምጥ ሸለቆው ስትወርድ ግን ብዙው አፈር ከእሳተ ገሞራ የመጣ፣ አሸዋ የበዛበት ነው። የሱ ችግር ውሃ አለመያዙ ነው። እሱ ላይ ኖራ በጭነት መኪና መድፋት የመንግሥት ገንዘብ መድፋት ነው። መጀመሪያ ፒኤች፣ ማለትም የአፈሩ አሲድነት፣ ይለካ፣ ይህ እኮ ከባድ ሳይንስ አይደለም።

ያ አሸዋማ አፈር የሚፈልገው ኮምፖስትና ፍግ ነው። እሱ ደግሞ የት እንዳለ የሲዳማ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ፦ እንሰቱ ሥር። ከበረት የሚወጣው ፍግ በሙሉ ጓሮ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ የጓሮው አፈር ጥቁር ነው፣ ራቅ ያለው የበቆሎ ማሳ ሳስቷል። ከእንሰቱ ቀምታችሁ ለበቆሎው ስጡ ማለቴ አይደለም። ግን እሸት ቡና መፈልፈያዎች ወንዝ ዳር የሚከምሩት ልጣጭስ? የደረቅ ቡናው ገለፈትስ? ይኸው ሀዋሳ ውስጥ ከየጫት ቤቱ በየቀኑ በጆንያ የሚወጣው ገረባስ? ኮምፖስት ይሆናል፣ ገለፈቱ በትንሽ አየር ከተቃጠለ ባዮቻር፣ ማለትም ለአፈር የሚሆን ከሰል፣ ይሆናል፣ እርጥበት ይይዛል። ይህን ሰብስቦ ወደ ማሳ የሚያደርስ አንድ አይሱዙ መመደብ ከኖራው ክፍፍል በስንት ጣዕሙ ይረክሳል። ግን አይመረቅም፣ ሪባን የለውም።

የሚገርመው ደግሞ ይሄ ነው። ከዚህ በዲላ መንገድ ትንሽ ወረድ ስትል ጌዴኦ አለ። እንሰት፣ ቡና፣ ዛፍ፣ ቦይና፣ ጎመን፣ ሁሉም በአንድ ማሳ። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው የደስታ መግለጫ ያልጻፈ መሥሪያ ቤት ነበር? የቀላቀለው ገበሬ ያኔ ጠቢብ ተባለ። በቆሎና ቦሎቄ የቀላቀለው የቦሪቻ ገበሬ ግን ኋላ ቀር።

የቀበሌ ልማት ሠራተኞቹ ላይ አልፈርድም። ከላይ የሚጠየቁት በኩታ ገጠም የተሸፈነ ሄክታር ስንት ነው ተብሎ ነው፣ ከአንድ ማሳ ስንት ዓይነት ምግብ ወጣ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ለማንኛውም በልግ እየደረሰ ነው። ኃላፊው ቦሎቄው ይቅር ካሉ በቃል አይበቃም፣ በደብዳቤ ያውጡት፣ ይፈርሙበት፣ ማኅተምም ይረፍበት። ዝናቡ ግንቦት ላይ ጥሎ ከሄደ ገበሬው ደብዳቤውን ይዞ የየትኛውን ቢሮ በር እንደሚያንኳኳ ከአሁኑ ይነገረው።