የዚህ ድልድይ ባለቤት ማን ነው?

ክረምቱ ሊገባ ነው። አዳማ ከተማ፣ እኛ ሰፈር የጎርፍ መውረጃው ላይ የተዘረጋው አሮጌ የባቡር ድልድይ ግን ዛሬም ወለል የለውም፣ መደገፊያ የለውም፣ ባለቤትም የለውም። እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ዘንቢል አንጠልጥለው ይሻገሩበታል። ተማሪዎች ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው እየዘለሉ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እስከ መቼ ነው እያየን ዝም የምንለው?

ድልድዩ ለእግረኛ አልተሠራም። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የቀድሞው የምድር ባቡር መስመር አካል ነው። ወደ ውጭ የሚላከው ቡናና ቆዳ በዚህ መስመር ወርዷል፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ሸቀጥም በዚሁ ወጥቷል። አዳማም እንደ ከተማ ያደገችው ባቡሩ ባመጣላት ንግድና ሰው ነው። ያኔ ድልድዩ ላይ በእግር መሄድ የተከለከለ ነበር፤ የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ ሰው ሁሉ ከሐዲዱ ይሸሽ እንደነበር ታላላቆቻችን ያወሩናል።

ባቡር ደግሞ ወለል አያስፈልገውም፤ ሐዲዱ ይበቃዋል። በአግዳሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ለባቡር ምንም አይደለም፣ ለሰባት ዓመት ልጅ እግር ግን ወጥመድ ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ጀሪካን የተሸከመች ልጅ ከወፍጮ ቤት ከምትመለስ እናት ጋር መሐል ላይ ከተገናኘች አንዷ ወደ ኋላ መመለስ አለባት። ዱቄት እንደተሸከመች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ በእግሯ እየዳበሰች! ነዋሪው በየጊዜው ሳንቃ ያነጥፍበታል፤ ሳንቃው ይበሰብሳል፣ ያልበሰበሰውን ደግሞ ሌባ ይወስደዋል።

በበጋ ወደ ታች ወርዶ መሻገር ይቻላል። አዳማ ግን በኮረብታዎች የተከበበች ከተማ ናት፤ ዝናብ ሲጥል ከዙሪያው ያለው ውኃ ሁሉ ወደ እኛ ነው የሚወርደው። ደረቁ መውረጃ ባንድ አፍታ ደራሽ ጎርፍ ይሞላዋል። ያኔ ከዚህ ብረት ሌላ መሻገሪያ የለንም።

አቤት ያላልንበት ቢሮ የለም። አንዱ ጋር ስንሄድ «የባቡር ንብረት ነው፣ መንካት አንችልም» ይሉናል። ሌላው ጋር ስንሄድ «ባቡር አይሄድበትም፣ የእግረኛ ጉዳይ የከተማው ነው» ይሉናል። ሁለቱም ደብዳቤ አምጡ ይላሉ፣ ደብዳቤውን የሚጽፍልን ግን አናገኝም። አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ሰው ሲሞት ነው እንዴ ባለቤቱ የሚታወቀው?» ብለው ሲጠይቁ አንገቱን ያቀረቀረ እንጂ መልስ የሰጠ ሹም አላየንም።

ለባቡር አስቀምጠነዋል የሚል ካለም ይህን ይስማ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ መስመር አለው፤ የሐዲዱም ስፋት ከ1.4 ሜትር በላይ ስለሆነ በዚህ ድልድይ ላይ ሊሄድ አይችልም። ይፍረስ የሚሉም አሉ። እነሱ የሚኖሩት ከድልድዩ ወዲያ ነው፤ ጤና ጣቢያውም ገበያውም ያለው እነሱ በኩል ነው።

የምንጠይቀው አዲስ ድልድይ አይደለም። ላሜራ ይነጠፍበት፣ ግራና ቀኙ በቱቦ ብረት ይታጠር፣ ማታ የሚበራ አንድ መብራት ይተከል። ገንዘቡን ሰፈሩ ያዋጣል፤ ብየዳ የሚችሉ ወጣቶችም ጉልበታችን በነፃ ነው ብለዋል። የተከለከልነው ፈቃድ ነው። ያለ ፈቃድ ብትነኩት ትጠየቃላችሁ ተብለናል፤ ሰው ቢወድቅበት ማን እንደሚጠየቅ ግን አልተነገረንም።

እንግዲህ ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ባለሙያ ይላኩ፤ ሐምሌ ሳይገባ መሠረቱንና ብረቱን አብረው ይመርምሩ። ይችላል ካሉ ፈቃዱን ፈርመው ይስጡን፣ በማግስቱ ሥራ እንጀምራለን። አይችልም ካሉም በጽሑፍ ይንገሩንና ሌላ መሻገሪያ ይሥሩልን።