እቺው ናት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጨዋ ሽማግሌ ዓይን ዓይኔን እያዩ ዋሹኝ። ያውም ፈገግ ብለው። ያውም ውሻቸው እየሰማ።

ነገሩ የሆነው ስኮትላንድ ውስጥ ነው፤ ፋይፍ በሚባለው የምሥራቅ ጠረፍ። ባሕሩን በቀኝ ይዘን ወደ አንስትራዘር እንሄዳለን። የተነሣንባት ከተማ ስሟ ኢሊ ነው፤ በአካሄዳችን ምክንያት እኛ ቤት ኤሊ ሆና ቀርታለች። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ የአምስት ዓመቱ ወንድሟ፣ ከዚያ ደግሞ ከጎጃም ሊጠይቁን የመጡት አማቴ። እማማ ነው የምላቸው። ጠቅላላው የፋይፍ የጠረፍ መንገድ ከኪንካርደን እስከ ኒውበርግ 187 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቆንጠር አድርገን ነው የወሰድነው። የመንገድ መምሪያው «ቀላል፣ ለቤተሰብ ተስማሚ» ይላል። ለማን ቤተሰብ እንደሆነ ግን አይናገርም።

ሴንት ሞናንስ የምትባለውን መንደር አልፈን አሮጌው የነፋስ ወፍጮ ጋ ስንደርስ ወንዱ ልጄ መሬት ላይ ዘጭ አለ። «እግሬ አልቋል» አለ። ኪሶቹን በድንጋይና በቀንድ አውጣ ቅርፊት ጠቅጥቆ ሱሪው ወደ ታች እየወረደ ነው። ሽማግሌው የመጡት ያኔ ነው። ቀጥላ ያለችው መንደር ፒተንዊም ስንት ይቀረናል አልኳቸው።

«አሥር ደቂቃ! ይቺን ጥግ ዞር ስትሉ ናት» አሉኝ።

አርባ ሰባት ደቂቃ ፈጀብን። ሰዓት ይዤ ነው። ከአርባ ሰባቱ ሠላሳውን ልጁ እሽኮኮ ላይ ነበር፤ ድንጋዮቹም አብረው።

እዚህ አገር በባሕር ዳር መንገድ ላይ የሚያገኙህ ሰዎች ሁሉ ደግ ናቸው። ሁሉም ሰላም ይሉሃል። ዝናቡ በጎን እየገረፈህ «ጥሩ ቀን ነው» ይሉሃል። ጥጃ የሚያህል ውሻ ልጅህ ላይ ተንጠልጥሎ «አይነካም፣ ጨዋታ ወዳድ ነው» ይሉሃል። የቀረውን መንገድ ከጠየቅክ ደግሞ መልሱ አሥር ደቂቃ ነው። በፈረንጆቹ በ2003 የወጣ ሕግ አለ፤ ማንም ሰው ሥርዓት ይዞ እስከሄደ ድረስ በአብዛኛው የስኮትላንድ መሬት ላይ እንዳሻው እንዲራመድ የሚፈቅድ። ቆንጆ ሕግ ነው። የመሄድ መብት ሰጠን። ስንት እንደቀረ የማወቅ መብት ግን ረሱት።

እማማ የሽማግሌውን መልስ ሳስተረጉምላቸው ዘወር ብለው ሰውየውን አዩአቸው። «የእኛ አገር ሰው ናቸው እንዴ?» አሉ። እሳቸው ባደጉበት አገር መንገድ ስትጠይቅ ገበሬው እጁን አያነሣም። በአገጩ ነው የሚጠቁምህ። «እቺው ናት፣ ከዚያች ጋራ ሥር» ይልሃል። የርቀቱ ልክ ያለው ድምፁ ላይ ነው። «እቺው ናት» ብሎ ከቆረጠው አንድ ሰዓት ነው። «እቺ...ው ናት» ብሎ ከጎተተው ስንቅ ያስፈልግሃል።

ለነገሩ ጥፋቱ የእኔም ነው። «የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ። እንደ እኔ እንደ እኔ ከዚህ የበለጠ የትዳር ምክር የለም። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ውሸትን አይከለክልም። የሚከለክለው የማይመስለውን ነው። እውነትም ቢሆን ካልመሰለ ዋጠው ነው የሚለው። እኔ ግን ተረቱን እወደዋለሁ እንጂ አልጠቀምበትም። ዓርብ ማታ ለባለቤቴ «ሜዳ ነው፣ ሦስት ሰዓት አይፈጅም፣ ልጆቹ ይወዱታል» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ዝምታዋ የመጣው ከቆየ ነገር ነው። እዚህ በመጣን በመጀመሪያው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ጠረፉ ላይ ሃር ይኖራል አለኝ። ቤት ገብቼ «ቅዳሜ ባሕር ዳር የሐር ገበያ አለ» አልኳት። ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ ብር ይዛ ሄደች። ሃር ለካ የባሕር ጭጋግ ነው። የምሥራቁን ጠረፍ ድንገት መጥቶ የሚሸፍነው ነጭ ጭጋግ። የራሷ ጫማ እንኳ አልታያትም። እስከ ዛሬ አዲስ ነገር በነገርኳት ቁጥር «ሐሩ ስንት ነው ሜትሩ?» ትለኛለች።

በዚህ ጠረፍ ላይ የማይዋሽ ቢኖር ባሕሩ ብቻ ነው። ሴንት ሞናንስ ላይ ከአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚያልፈው መንገድ ውኃው ሲሞላ ይሸፈናል፤ ለዚያ ሰዓት የሚሆን ሌላ መንገድ በምልክት ተጠቁሟል። የሚሞላበትና የሚሸሽበት ሰዓት ቀድሞ በሠንጠረዥ ይታወቃል። ባለው ሰዓት ይመጣል፤ ባለው ሰዓት ይሄዳል። ጣጣው ያለው እኛ ጋ ነው።

ኤዲንብራ አጠገብ ክራመንድ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ባሕሩ ሲሸሽ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በሚሆን ጥርጊያ በእግር ይገባባታል። በመንገዱ ጎን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጀልባ መከላከያ የተተከሉ ሹል ኮንክሪቶች እንደ ጥርስ ተሰልፈዋል። ደንቡ አጭር ነው። ባሕሩ ጨርሶ ከሚሸሽበት ሰዓት በፊት ሁለት ሰዓት፣ በኋላ ሁለት ሰዓት፤ በቃ። ከዚያ ያለፈ ደሴቷ ላይ ቁጭ ብሎ የነፍስ አድን ጀልባ ይጠብቃል።

አምና እኛ ሐበሾች እዚያ ለመሄድ ተቃጠርን። ግሩፑ ላይ አንድ ወዳጃችን በአማርኛ «ባሕሩ የሚሸሸው አሥር ሰዓት ላይ ነው» ብሎ ለጠፈ። ግማሻችን በፈረንጅ አነበብነው። ግማሻችን በሐበሻ። አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በእኛና በፈረንጅ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ እስኪሞላ የሚፈጅበትም ስድስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓት የተምታታበት ሐበሻ እዚህ ጠረፍ ላይ በጥቂቱ አይሳሳትም። ልክ ተቃራኒው ላይ ነው ዱብ የሚለው። የቀረችውን አሥራ ሁለት ደቂቃ ደግሞ የቀጠሮ ልማዳችን ይሸፍናታል።

በጠዋት የሄድነው ደሴቷን ዞረን፣ ምሳችንን በልተን፣ በሰላም ወጥተን ተበታተንን። ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለልኝ። ጀበና፣ ሲኒ፣ ከሰልና አንድ ሙሉ ድፎ ዳቦ ይዘው የመጡት እዳር ላይ ቆመዋል። ደሴቷ አለች። መንገዱ የለም። የኮንክሪቱ ጥርስ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። «መንገዱን ማን ወሰደው?» አለችኝ አንዷ። እሷ እስካሁን አኩርፋኛለች። የለጠፍኩት እኔ አይደለሁም! ይኸው አሁንም በድጋሚ እላለሁ፤ እኔ አይደለሁም።

የማይመስል ነገር ካነሣሁ አይቀር፣ ጄምስ ብሩስ አለላችሁ። የዚሁ የስኮትላንድ ልጅ ነው፤ በ1730 ኪኔርድ የተወለደ። የእግር ጉዞ ካሉት እሱ ነው የእግር ጉዞ። ጎንደር ድረስ ዘለቀ፤ በ1770 በፈረንጆቹ ግሽ ዓባይ ደረሰ። እምንጩ ላይ ቆሞ በዚያው ውኃ ለአገሩ ንጉሥ ለጆርጅ ጤና ጠጣ። ከዚያ የዓባይን ምንጭ አገኘሁ አለ። ይህን ለእማማ ብነግራቸው ቆሏቸውን መቆርጠም አቆሙ።

«ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አሉ።

አልጠፋም። ለጠበል የሚሄደው ሰው ያውቀው ነበር። ከፈረንጅ ወገን እንኳ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ደርሶበታል። ብሩስ ግን እሱ አልደረሰም ብሎ ተከራከረ። እሺ ይሁን። የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አገሩ ገብቶ ያየውን ሲያወራ ለንደን ሳቀችበት። እዚያ አገር ሰው ሥጋ በጥሬው ይበላል ቢላቸው ማን ይመነው! በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። እሱም አልጠቀመውም። ቁርጥ አልመሰላቸውም። ያን ሁሉ በረሃና ጦርነት ያለፈ ሰው በ1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ለመሸኘት ሲጣደፍ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ። ደረጃው ለቤተሰብ ተስማሚ ነበር መሰለኝ።

እንግዲህ እውነቱን የተናገረው ብሩስ ውሸታም ተባለ። እኔ ደግሞ የዋሹኝን ሽማግሌ «በጣም አመሰግናለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ብሩስ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክንና ሌሎች ብራናዎችን ይዞ ሄዷል። የባሱት ግን ከእሱ ኋላ መጡ። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት ታቦታት አንዱ የት ተገኘ? ኤዲንብራ መሐል፣ ሴንት ጆንስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቁም ሣጥን ውስጥ። በ2001 ያገኙት የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን ናቸው። እግዜር ይስጣቸው፤ ወዲያው ይመለስ አሉ፤ በ2002 አገሩ ገባ። እማማ አውቶቡሱ በዚያ በር ባለፈ ቁጥር ነጠላቸውን አስተካክለው ይሳለማሉ። ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ! ይህ ሁሉ ዘመን ያን ቁም ሣጥን የጠረገው ሰው የለም? እናቴ ቤት ቢሆን በመጀመሪያው የፋሲካ ጽዳት ይገኝ ነበር። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ደግሞ ዛሬም 11 ታቦታት አሉ። ማንም እንዳያያቸው በክብር ዘግተንባቸዋል ይላሉ። ማንም የማያየው ነገር ለሙዚየም ምን ያደርግለታል? መቼ ይመለሳሉ ሲባልም መልሱ ከሽማግሌው መልስ ብዙ አይርቅም። ውይይት ላይ ነው። ይቺን ጥግ ዞር ስትሉ ናት። ይህን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ወደ መንገዴ ብመለስ ይሻለኛል።

የት ነበርኩ? ፒተንዊም። ደረስን። ከዚያ አንስትራዘርም ደረስን። እሱም አሥር ደቂቃ ነው ተብሎ።

ወደቡ ላይ ሰው ሁሉ ለዓሣና ለድንች ጥብስ ተሰልፏል። እኛም ተሰለፍን። ፍልሰታ ነው። እማማ ዓሣውን ገና ከበሩ ትተውታል፤ ድንቹን ግን ተስፋ አድርገዋል። ተራችን ሲደርስ በምን እንደሚጠበስ ጠየቅኩ። ልጅቷ በኩራት «በበሬ ስብ ነው» አለችኝ። እማማ ምን እንዳለች ሲጠይቁኝ «ዘይት ነው» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከጾም ጋር አልቀልድም፤ እውነቱን ነገርኳቸው። አሥር ኪሎ ሜትር ከሁላችን ቀድመው የተራመዱ ሴትዮ፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ከቦርሳቸው የቀረችውን ቆሎ አወጡ።

እዚያው ቁጭ ብለን አንድ ቤተሰብ መጣ። አባት፣ እናት፣ ልጄን የሚያክል ልጅ። ወደ ፒተንዊም ሊነሡ ነው። ስንት ይፈጃል ብለው ጠየቁን። እኔ አፌ ድንች ሞልቶታል። ሴቷ ልጄ ቀደመችኝ። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ እነሱን አየች። «ለእናንተ አርባ ደቂቃ ይፈጃል» አለች። ከዚያ ትንሹን ልጅ ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። «ለእሱ ግን አንድ ሰዓት ከሩብ።»

ልጁ ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። እናቱ እንዴት እንዳየችኝ አልነግራችሁም።

ድንቹን ዋጥኩ። «ልጅ ናት፣ አታውቅም። አሥር ደቂቃ ነው። ይቺን ጥግ ዞር ስትሉ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። አመስግነውኝ፣ ልጁን አንሥተው ሄዱ። ልጄ አፏን ከፍታ ታየኛለች።

«ምን አልካቸው?» አሉኝ እማማ።

«እቺው ናት አልኳቸው።»

«ጎሽ!» አሉና መዳፌ ላይ ቆሎ ዘገኑልኝ።