ለሚዛኑ ባለቤት የቀረበ ምስጋና

የከተማ ምክር ቤት አባልነት ብዙ የሚታማ፣ ጥቂት የሚመሰገን ሥራ ነው። መንገድ ቢያስጠግኑ ከወራት በኋላ ይቦረቦራል፤ ቆሻሻ ቢያስነሡ በማግሥቱ ሌላ ይከመራል፤ ቧንቧውም ለመፈንዳት የምክር ቤቱን ውሳኔ አይጠብቅም። በዚህ ሁሉ እልኸኛ ነገር መካከል ግን እጅ በማውጣት ብቻ የሚታዘዝ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የከተማው ፍርድ ቤት ዳኞች ቁጥርና ደመወዝ ነው። «ሦስት የሚለው አምስት ተብሎ ይነበብ» የሚል አንድ መስመር ይቀርባል፤ ተቃውሞ የለም፤ ድምፀ ተአቅቦ የለም፤ ጸደቀ። ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች ስለበዙ፣ እኔ ዛሬ የሚገባውን ምስጋና ላቀርብለት ተነሥቻለሁ።

አስቀድመን የምክር ቤቱን ትሕትና እናድንቅ። አባቶቻችን «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይሉ ነበር። የከተማ አስተዳደር ግን ይከሳል፣ ይከሰሳልም፤ እንዲያውም በከተማው ፍርድ ቤት ደጃፍ እንደ እርሱ የሚመላለስ ባለጉዳይ የለም። የደንብ መተላለፍ ቅጣት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ አንዱ መዝገብ ሳይዘጋ ሌላው ይከፈታል። ጠበቃውም እንደ ማንኛውም ተከራካሪ ከችሎቱ ፊት ራሱን ዝቅ አድርጎ «ክቡር ፍርድ ቤት» ይላል። ይህ ትሑት ባለጉዳይ ከሌሎቹ የሚለየው በአንድ ኢምንት ነገር ብቻ ነው፤ ክርክሩ አልቆ ወደ ቢሮው ሲመለስ፣ የዳኛው ደመወዝ የሚጻፍበት በጀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

የዋሃን የዳኞች ቁጥር የሚወሰነው በመዝገብ ብዛት ይመስላቸዋል። በዓመቱ ስንት ክስ እንደተከፈተ፣ ስንቱ እልባት እንዳገኘ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ቅጣትና አንድ የግንባታ ክርክር የሚፈጁት ጊዜ ምን ያህል እንደሚራራቅ፣ ለሚጨመረው ዳኛ ችሎት፣ ሬጅስትራርና ጸሐፊ መዘጋጀቱን ሲያሰሉ ይከርማሉ። ብልህ ምክር ቤት ግን መዝገብ አይቆጥርም፤ ውሳኔ ይቆጥራል። ሦስቱ ዳኞች ደስ የማያሰኝ ፍርድ ከሰጡ ሁለት ይጨመርላቸዋል፤ አምስቱም ካልተመቹ «ለቁጠባ ሲባል» ሁለቱ ይቀነሳሉ። አዲሶቹ ዳኞች የሚቀመጡበት ወንበር ባይገዛ እንኳ ግድ የለም፤ የተሾሙት ለመቀመጥ ሳይሆን ለመቆጠር ነው።

ይህ ጥበብ ታላላቅ መምህራን አሉት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1789 ሲቋቋም 6 ዳኞች ተመደቡለት። በ1863 ቁጥሩ 10 ደረሰ። በ1866፣ የሕግ አውጪው ምክር ቤትና ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ዓይጥና ድመት በሆኑበት ወቅት፣ ባዶ የሚሆኑት ወንበሮች ሳይተኩ ቁጥሩ ወደ 7 እንዲወርድ ታወጀ፤ ጆንሰን ቤተ መንግሥቱን ከለቀቁ በኋላ በ1869 ደግሞ 9 ሆነ። የመዝገቡ ክምር በእውነት በ3 ዓመት ውስጥ እንዲያ ከስቶ፣ በሌላ 3 ዓመት መልሶ የወፈረ ከሆነ፣ ጉዳዩ ከሕግ አውጪ ይልቅ ለሐኪም የሚቀርብ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የፍራንክሊን ሩዝቬልት ርኅራኄ ነው። በ1937 እኚህ ፕሬዚዳንት ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት አልፎ ወንበራቸውን ላልለቀቁ ዳኞች፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ተጨማሪ ዳኛ፣ እስከ 6 ድረስ፣ ለመሾም ፈቃድ ጠየቁ። አዛውንቱ ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ይታገዙ ነው ነገሩ። ፍርድ ቤቱ ያን ሰሞን የፕሬዚዳንቱን ዋና ዋና ሕጎች ሲሽር መሰንበቱ የአጋጣሚ ነገር መሆን አለበት። ሴኔቱ እቅዱን ጥሎታል፤ ለአረጋውያን ማዘን እንዲህ ያለ ውለታ ቢስ ዘመን ያጋጥመዋል።

ወደ ደመወዙ ስንመጣ ምስጋናዬ እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በ1776 ነጻነታቸውን ሲያውጁ በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ከደረደሯቸው ክሶች አንዱ፣ ዳኞችን በሹመት ዘመናቸውም ሆነ በደመወዛቸው መጠንና አከፋፈል የፈቃዱ ጥገኛ አድርጓል የሚል ነበር። በ1787 የጻፉት ሕገ መንግሥትም የፌዴራል ዳኛ በሥራ ላይ እያለ ደመወዙ እንዳይቀነስ ከለከለ። ይህን ዓይነቱን ክልከላ ያዩ የከተማ ሰዎች መጀመሪያ ሳይደነግጡ አልቀሩም። ቆይተው ሲያስተውሉት ግን የተከለከለው መቀነስ እንጂ አለመጨመር አይደለም! ከዚያ ወዲህ የዳኛውን ደመወዝ ማንም አይነካውም፤ እንደ ቅርስ ይጠበቃል። መቀነሱን የኑሮ ውድነት ያለ ቃለ ጉባኤ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ አበል ይሠራዋል። የደመወዝ ለውጥ የሚጸናው ለሚቀጥለው የሹመት ዘመን ብቻ ነው የሚል ደንብ ባለበት ከተማም መፍትሔ አይጠፋም፤ ምክር ቤቱ በሹመቱ ዋዜማ ማታ አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ብሂል ባለበት ቋንቋ እያሰቡ ዳኛን በክብር ብቻ ጠግቦ እንዲያድር ማመን ትልቅ እምነት ይጠይቃል፤ ምክር ቤቱ ይህ እምነት አለው፤ ለራሱ አባላት ሲሆን ብቻ ነው የሚጠራጠረው።

ነገር ግን ምክር ቤቶች ቆንቋና ብቻ ናቸው ማለት ግፍ ይሆናል። ለዳኛ እጃቸው የተፈታባቸው ዘመናትም አሉ። በኦሃዮ ግዛት ኖርዝ ኮሌጅ ሂል በምትባል መንደር ከንቲባው ራሱ ዳኛ ነበር፤ ያኔ በሕግ የተከለከለ መጠጥ ይዞ የተገኘን አንድ ተከሳሽ 100 ዶላር ሲቀጣ፣ ለራሱ ደግሞ የዳኝነት ወጪ 12 ዶላር ያገኝ ነበር። ተከሳሹን ነጻ ቢለው ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። እንዲህ ያለ ለሥራ የሚያነሣሣ የደመወዝ ስኬል ከየት ይገኛል? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1927 አፈረሰው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ከዳኛው ኪስ ወጥቶ በቀጥታ ወደ መንደሩ ካዝና ገባ፤ እዚያው ኦሃዮ ውስጥ ሞንሮቪል በ1964 ካገኘችው 46 ሺህ 355 ዶላር ገቢ 23 ሺህ 589ኙ የከንቲባው ችሎት ያስገባው ነበር። ይህንንም በ1972 ያው ፍርድ ቤት ገሠጸው።

ተግሣጹ ግን ሥራውን አላስቆመም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው፣ በሚዙሪ ግዛት የምትገኘው የፈርጉሰን ከተማ ለዚያ የበጀት ዓመት ካቀደችው 13.26 ሚሊዮን ዶላር የመደበኛ ካዝና ገቢ 3.09 ሚሊዮኑን የምትጠብቀው ከቅጣትና ከፍርድ ቤት ክፍያ ነበር። አንድ የምክር ቤት አባል ዳኛው ምስክር በቅጡ አይሰማምና ድጋሚ አይሾም ብሎ ቢጽፍ፣ የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ የሰጡት መልስ የፍርድ ቤቱ ቅልጥፍናና የቅጣት ገቢው እንዲቀንስ ከተማዋ አቅም የላትም የሚል ነበር። ምስክር መስማት ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ ገንዘብ አያስገባም።

እንግዲህ ይህ ልማድ ባለበት ከተማ፣ በጀት በሚጸድቅበት ሳምንት፣ ችሎት ገብታችሁ ታዛቢ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የሚጠራው መዝገብ ከሳሽ አንድ ግለሰብ፣ ተከሳሽ የከተማው አስተዳደር የሆነበት ነው። የከተማው ጠበቃ ይነሣል፤ እጅ ነሥቶ፣ የዳኞች ደመወዝ ማስተካከያ ረቂቅ ሐሙስ ለምክር ቤቱ እንደሚቀርብ ምንም ሳያነሣ፣ መልሱን በአጭሩ ያስረዳል። ዳኛው መነጽሩን ያወልቃል፤ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ያያል፤ መዝገቡን መርምሮ ፍርድ ለመስጠት ለዐርብ ተቀጥሯል ይላል።