ሙላቱ የጅማ ልጅ ነው ስንል

ጅማ ውስጥ ስለ ሙዚቃ ወሬ ከተነሣ ሙላቱ አስታጥቄ ሳይጠራ አይቀርም። አንዱ «እዚሁ ነው እኮ የተወለደ» ይላል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፣ ጨዋታው በዚያው ያልቃል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወለደ። መወለዱ ግን የእሱም የእኛም ሥራ አልነበረም። የሚቆጨኝ፣ ከዚያ በኋላ የሠራውን በግማሽ ብቻ ማወቃችን ነው።

ዌልስ ሲላክ ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ ሙዚቃው አሸነፈውና በለንደን በኩል ቦስተን ደርሶ የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆነ። የአገራችንን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ ከጃዝ ጋር አዋህዶ ኢትዮ ጃዝን መፍጠሩን ሁሉም ያውቃል፤ አልደጋግመውም።

የማይወራለት መምህርነቱ ነው። በየመድረኩ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖሩትን የደራሼን ዋሽንት ነፊዎች እያነሣ፣ የጃዝ ሊቃውንት የተራቀቁባቸውን ድምፆች እነዚያ ገበሬዎች ከጥንት ጀምሮ ሲጫወቱባቸው እንደኖሩ ያስረዳል። ሃርቫርድ ለምርምር ሲጋበዝም ከተጨነቀባቸው ነገሮች አንዱ የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ማዘመን ነበር። ከዚህም የባሰ የተረሳው ቤት ከፋችነቱ ነው። አዲስ አበባ፣ ግዮን ሆቴል ውስጥ የአፍሪካ ጃዝ መንደርን ሲያቋቁም፣ ሠርግ በሌለበት ምሽት ሙዚቀኛ የሚጫወትበት፣ አድማጭም ከፍሎ የሚሰማበት ቦታ መሥራቱ ነበር።

«ገንዘብ ሲገባበት ጥበብ ይረክሳል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። የቤት ኪራይ ከሚከፍል ሙዚቀኛ አፍ ግን ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ሠፈራችን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት አለ። እንጀራው ሠርግ ነው፤ ጥርና ሚያዝያ ይሯሯጣል፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ሲገጣጠሙበት ደግሞ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እንዲያ ባለው ጊዜ ልጆች ማስተማር ጀመረ፤ የሚኖርበት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ስምንት ልጆች፣ አልጋውን አቁሞ። አከራዩ ጩኸት በዛብኝ አሉት፤ አልፈረድኩባቸውም። አንድ አዳራሽ በሳምንት ሁለት ከሰዓት እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ፈቃድ አምጣ ተባለ። ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ የሥራ ቦታህን አሳይ ተባለ። አዳራሹ ስብሰባ ከሌለ ተቆልፎ ይውላል።

የቡናውን ምሳሌ እዚህ አላመጣም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ሁሉም ሰው ለሁሉም ነገር ያመጣዋል። ከዚያ ይልቅ መንዙማን ላስታውስ። አካባቢያችን በመንዙማ የታወቀ ነው፤ ታዳጊው ከሼሁ እግር ሥር ተቀምጦ ግጥሙን ይሰማል፣ ድቤውን ይመታል፣ ውሎ አድሮ ራሱ ያዜማል። ማስተማርና መጫወት ያልተለያዩበት፣ ቦታውም ታዳሚውም አስቀድሞ የተዘጋጀበት ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ አናውቅበትም ማለት አንችልም።

የሙላቱን ስም ለአደባባይ ወይም ለመንገድ እንስጥ የሚል ሐሳብ ቢነሣ አልቃወምም። ግን ለእሱ ከሚወጣው ወጪ በፊት ያ የተቆለፈ አዳራሽ ይከፈት፤ ለጽዳቱም ለመብራቱም ወላጆች ማዋጣት አያቅታቸውም።

ወጣቱን ባለፈው ሳምንት አግኝቼው ነበር። ከስምንቱ ተማሪዎች አሁን ያሉት ሦስት ብቻ ናቸው። ጎበዝ ነች የሚላትን ልጅ እናቷ ወደ ሒሳብ ማጠናከሪያ አዛውራታለች።