አንደበቱ ሳይዘጋ ጥሩለት

ወገኖች ሆይ፣ ሕመምተኛችሁ ሆስፒስ፣ የማይድን ሕመም ያለበት ሰው በመጨረሻ ጊዜው እንክብካቤ የሚያገኝበት ቦታ፣ ሲገባ ለአልጋውና ለኦክስጅኑ ትሯሯጣላችሁ፣ ለመድኃኒቱ ሰዓት ትቆጥራላችሁ። የመንፈሳዊ እንክብካቤ አገልጋዩን፣ ቻፕሌን የሚባለውን፣ የምታስታውሱት ግን ትንፋሽ መቆራረጥ ሲጀምር ነው። ያኔ መጥቶ ምን ያድርግ? ብዙ ሰው በመጨረሻዎቹ ቀናት ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋል፣ ቃል መመለስ ያቅተዋል። ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ሊናዘዝ፣ ከተጣላው ልጁ ጋር ሊታረቅ ይችል የነበረበትን ሳምንት እናንተ በዝምታ አሳለፋችሁበት።

«ቻፕሌን ካየ ተስፋ ይቆርጣል» ትላላችሁ። ሰውነቱ እየከዳው መሆኑን ከእናንተ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። እናንተን ላለማስጨነቅ ዝም ብሏል፤ እናንተም እሱን ላለማስደንገጥ።

ቻፕሌን ሊሰብክ ወይም ሃይማኖት ሊያስለውጥ አይመጣም። ይህን የሚያደርግ ከሆነ ሥነ ምግባሩን ጥሷልና ለሆስፒሱ ኃላፊ ተናገሩ። ሃይማኖት የሌለውንም ሰው ያገለግላል። ሐኪሟ ክርስቲና ፑቻልስኪ እ.ኤ.አ. በ1996 ከባልደረቦቻቸው ጋር የሕመምተኛን መንፈሳዊ ፍላጎት ለመረዳት ያዘጋጁት መጠይቅ በአራት ነገር ላይ ያተኩራል፦ የሚያጽናናህ እምነት ወይም ለሕይወትህ ትርጉም የሚሰጥ ነገር አለ? በሕመምህ ጊዜ ምን ቦታ ይዟል? ከጎንህ የሚቆሙ የእምነት ወገኖች አሉ? እኛ ስንንከባከብህ ይህን እንዴት እንያዝልህ? መልስ መስጠት የሚችል አንደበት ያስፈልጋል ያልነው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን የከፈቱት ሲሲሊ ሳውንደርስ የሚሞት ሰው ሕመም የአካል፣ የስሜት፣ የኑሮና የመንፈስ ሕመም ተደርቦ መሆኑን አስተምረዋል። ብርቱው የሕመም ማስታገሻ ሞርፊን ተጨምሮም ሕመሙ አልበርድ ሲል ሐኪሙ መጠኑንና መንስኤውን እንደገና ይፈትሽ፤ ከዚያ ጋር ጸጸት ወይም ፍርሃት እንዳለ ይጠየቅ። «ይህ የኃጢአቴ ዋጋ ነው» ብሎ ሕመሙን የሚደብቅና መድኃኒት የሚመልስ ሰው አለ። ነርሷ ፊቱን አይታ ደህና ነው ልትል ትችላለች፤ ቻፕሌኑ ግን ከአፉ ይሰማዋል፣ በፈቃዱም ለሐኪሙ ያደርሳል። የዚህ ግልባጭም ስሕተት ነው፤ በሕመም የሚንቀጠቀጥን ሰው በጸሎት ብቻ ለማስታገስ መሞከር። መጀመሪያ ሕመሙ ይብረድለት።

ስለዚህ በገባበት ሳምንት ሃይማኖቱን፣ የሚፈልገውን ሥርዓት፣ እንዲጠራለት የሚፈልገውን የሃይማኖት አባት፣ ሊያየው የማይፈልገውን ጠያቂ ጭምር በመዝገቡ አስጽፉ። ሲሞት ገላውን ማን እንዲያጥብ፣ ማን እንዳይነካው፣ ቀብሩ በስንት ጊዜ መፈጸም እንዳለበትም ይጻፍ። የሚዋጥ ነገር ያለበት ሥርዓት ካለ አታዘግዩት፤ የመዋጥ አቅም ቀድሞ ይጠፋል።

አልጋው አጠገብ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይበቃል፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃም ብዙ ነው። ቆማችሁ ከላይ አትመልከቱት፤ ተቀመጡ። «አይዞህ ትድናለህ» አትበሉ፣ «ፈጣሪ የሚወደውን ይፈትናል» እያላችሁም አታባብሉት። ፈጣሪውን ቢያማርር ዝም በሉና ስሙት፤ ቁጣውም ጸሎት ሊሆን ይችላል። ዓይኑን ቢከድንም ሊሰማ ይችላልና እዚያው ስለ ውርስ አትጨቃጨቁ። መዋጥ ላቃተው ሰው ውሃ አታንቆርቁሩለት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከንፈሩን በእርጥብ ስፖንጅ አርጥቡለት። በመጨረሻ ሰዓት ጉሮሮው የሚያንኮራፋው መዋጥ ያልቻለው ምራቅና አክታ ተጠራቅሞ ነው፤ በጎኑ ማስተኛት ሊቀንሰው ይችላል። ይህን ቀድሞ የሚነግራቸው ያጡ ቤተሰቦች «ታንቆ ሞተ» እያሉ ዓመታት ይሰቃያሉ።

ለሕፃናት «ተኝቷል» አትበሏቸው፣ እንቅልፍ መፍራት ይጀምራሉና፤ «ሞቷል» በሉ። ቻፕሌኑ ስለ ሕፃናቱም ይመክራችኋል። ብዙ ሆስፒሶች ለሐዘንተኞች እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቅ ክትትል አላቸው። ከቀብር በኋላ የሚደወልላችሁን ስልክ አንሡ፤ በተለይ ጠያቂው ሁሉ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ወራት።